መጠበቅ የሚያውቅ ራውተር

ድርጅቶች ስለ መንገድ የሚነጋገሩበት የቢጂፒ ፕሮቶኮል ሰንጠረዥ በራውተር ላይ ሲከፈት እያንዳንዱ መንገድ በአንድ መስመር ይዘረዘራል። ራውተሩ የመረጠው መንገድ ፊት ለፊቱ የቀስት ጫፍ የምትመስል ትንሽ ምልክት ትደረግለታለች። አንዳንድ ጊዜ መንገዱ በሰንጠረዡ ላይ አለ፣ የላከው ጎረቤት በትክክል ተጽፏል፣ ምንም የጎደለ ነገር አይታይም፤ ምልክቷ ብቻ የለችም። ራውተሩ ሰምቷል፣ መዝግቧል፣ ግን አልተጠቀመበትም። ደንበኛው በስልክ "ኢንተርኔት የለም" ይላል። ቢጂፒን ለብቻው ብትመረምሩት ጤነኛ ነው። በድርጅቱ ውስጥ መንገድ የሚያሰላው ኦኤስፒኤፍም ጤነኛ ነው። የተሰበረው ነገር ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቦታ ብዙ አይጻፍም፤ በእኔ እምነት ግን በኢንተርኔት ውስጥ ካሉት የምህንድስና ሥራዎች ሁሉ ጥንቃቄ የበዛበት እዚያ ነው።

ሁለቱም ፕሮቶኮሎች በሰነድ የወጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቢጂፒ የተጠነሰሰው በዚያ ዓመት ጥር ወር ውስጥ ቴክሳስ ኦስቲን ላይ፣ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ለስብሰባ በተገናኙበት ጊዜ ነበር። የሲስኮው ከርክ ሎውሂድና የአይቢኤሙ ያኮቭ ሬክተር ገበታ ላይ ተቀምጠው ዋናውን ሐሳብ በናፕኪን ላይ ጻፉት፤ በሰኔ በሰነድ ወጣ። የኦኤስፒኤፍ የመጀመሪያ ሰነድ የወጣው በጥቅምት ነው፤ አዘጋጁ ጆን ሞይ ነበር። ከኦኤስፒኤፍ ሥር ያለው ስሌት ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ ያህል ያሰላው የአጭር መንገድ ፍለጋ ነው። ያሳተመው በ1959 ነው። ዛሬም በየራውተሩ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው።

የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ኦኤስፒኤፍ የሚሠራው በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሁሉም ራውተር የአንድ ባለቤት ስለሆነ መተማመን አለ። እያንዳንዱ ራውተር የግቢውን ሙሉ ካርታ ይይዛል፤ በየ10 ሴኮንዱ ለጎረቤቱ ሰላምታ ይልካል፤ 40 ሴኮንድ ሙሉ መልስ ካጣ ጎረቤቱ እንደጠፋ ቆጥሮ ካርታውን እንደገና ያሰላል። ቢጂፒ ግን በማይተዋወቁ፣ አንዳንዴም በሚፎካከሩ ድርጅቶች መካከል የሚነገር ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት በዓለም የሚታወቅበት ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው። ቢጂፒ ካርታ አይሰጥም፤ "ወደዚህ አድራሻ በእኔ በኩል ትደርሳላችሁ፣ መንገዱም እነዚህን ድርጅቶች ያቋርጣል" ብሎ የቁጥሮቹን ዝርዝር ብቻ ይናገራል። ራውተሩ በዝርዝሩ ውስጥ የራሱን ቁጥር ካየ መንገዱ ዞሮ የመጣ መሆኑን አውቆ ይጥለዋል። ይህን በሚያህል ቀላል ዘዴ ዓለምን ያህል መረብ ከክብ ጉዞ መጠበቁ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ታዲያ አንዱን በሌላው ላይ ገልብጦ መገላገል አይቻልም ወይ? ይህ ጥያቄ በ1997 ኤፕሪል 25 ቀን በተግባር መልስ አግኝቷል። ቁጥሩ 7007 የሆነ የአሜሪካ ኔትወርክ ከውጭ የሰማቸውን መንገዶች ቆራርሶ በትንንሽ ክፍል፣ ማለትም በ/24፣ የራሱ አስመስሎ መልሶ ለዓለም አወጀ። መንገዶቹ ያለፉባቸው ድርጅቶች ዝርዝር በመሐል ጠፍቶ ነበር። ኢንተርኔት ሁልጊዜ ጠበብ ያለውን አድራሻ ስለሚያስቀድም የብዙ ድርጅቶች ትራፊክ ወደዚያ አንድ ቦታ ጎረፈ፤ ዝርዝሩ ስለጠፋ ደግሞ ማንም ዞሮ የመጣ መሆኑን ሊያውቅ አልቻለም። ራውተሩ ከተነቀለ በኋላ እንኳ የሐሰት መንገዶቹ በሌሎች ኔትወርኮች ውስጥ ሲዘዋወሩ ቆዩ። ኦኤስፒኤፍ ያንን የቁጥር ዝርዝር የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ሙሉ የቢጂፒ ሰንጠረዥን ወደ ኦኤስፒኤፍ መገልበጥ፣ ከዚያም መልሶ ማውጣት፣ የመንገዱን ታሪክ እንደማጥፋት ነው። ሁለቱ እንደተለያዩ መቆየት አለባቸው፤ ግን ሳይነካኩ መኖርም አይችሉም።

የሚነካኩባት ነጥብ ባለሙያዎች ኔክስት ሆፕ የሚሏት አንዲት አድራሻ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድን ሰው "ዓባይን በድልድዩ ተሻገር" ቢሉት ምክሩ ትክክል ነው፤ ሰውየው እስከ ጎሃ ጽዮን የሚያደርሰውን መንገድ ካላወቀ ግን ድልድዩ ጋ አይደርስም። ቢጂፒ ድልድዩን ይናገራል። እስከ ድልድዩ የሚያደርሰውን የሚያውቀው ኦኤስፒኤፍ ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ የውጭ መንገድ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ መውጫው የት እንደሆነ፣ ቀጥሎ ወደዚያ መውጫ እንዴት እንደሚደረስ። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ የመጀመሪያው መልስ ዋጋ የለውም። ምልክቷ የጠፋችው ለዚህ ነው።

ያ መልስ እንዴት ይጠፋል ቢባል፣ ድንበር ላይ ያለ ራውተር ከውጭ ጎረቤቱ የሰማውን መንገድ ለውስጥ ጓደኞቹ ሲያስተላልፍ የመውጫውን አድራሻ አይቀይረውም። አድራሻው የውጭው ድርጅት ነው፤ የውስጡ ኦኤስፒኤፍ ሰምቶት አያውቅም። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የድንበሩን ሊንክ አድራሻ ወደ ኦኤስፒኤፍ ማስገባት ነው፤ ሰላምታ ወደ ውጭ ሳይላክ፣ አድራሻው ብቻ ይታወቅ። ሁለተኛው የድንበሩ ራውተር "መውጫው እኔ ነኝ" ብሎ የራሱን አድራሻ እንዲተካ ማዘዝ ነው። ብዙ ባለሙያ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እኔም ብዙውን ጊዜ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም የውጭ ሊንክ በወደቀና በተነሳ ቁጥር የውስጡ ካርታ አይረበሽም። የመጀመሪያውን ግን መናቅ አይገባም። ሊንኩ በኦኤስፒኤፍ ውስጥ ካለ፣ በተበጠሰ ጊዜ መውጫው ከካርታው ወዲያው ይሰረዛል፤ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መንገዶች በአንድ ጊዜ ዋጋ ያጣሉ፣ ራውተሩም ወደ ሌላ መውጫ ይዞራል። በሁለተኛው ዘዴ የድንበሩ ራውተር እያንዳንዱን መንገድ በየተራ መሻር አለበት። ይህን ሁለት ወገን መዝኖ የሚመርጥ መሐንዲስ ሥራውን ያውቃል።

ቁጥሮቹንም ተመልከቱ። አንድ አድራሻ ከሁለት ምንጭ ሲሰማ ራውተሩ የቱን ይመን? ሲስኮ ለእያንዳንዱ ምንጭ ደረጃ ሰጥቷል፤ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ከውጭ የመጣ ቢጂፒ 20፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ በውስጥ ጓደኛ በኩል የመጣ ቢጂፒ 200። ያው ቢጂፒ በሁለት ቦታ ተከፍሎ ኦኤስፒኤፍን መሐል ላይ አስቀምጦታል። ድንበር ላይ ያለው ራውተር የውጭውን ዓለም በቀጥታ ከሰማ ያንን ይመን፤ በሰው በሰው የሰማውን ግን የግቢው ካርታ ከሚለው አያስቀድም። ይህ በጣም አስተዋይ አደረጃጀት ነው።

ሆኖም ይኸው 20 ቁጥር በጥንቃቄ ካልተያዘ የሚገርም ብልሽት ያመጣል። ሁለት ራውተሮች በሉፕባክ አድራሻቸው፣ ማለትም ከየትኛውም ሊንክ ጋር ባልታሰረው የራሳቸው አድራሻ፣ የውጭ ቢጂፒ ግንኙነት መሥርተዋል እንበል፤ አንዱን ወደ ሌላው አድራሻ የሚያደርሰው ኦኤስፒኤፍ ነው። አንደኛው ሳይታሰብ ያንኑ የራሱን ሉፕባክ በቢጂፒ ያውጃል። ሌላው ይቀበለዋል፤ 20 ከ110 ስለሚያንስ የኦኤስፒኤፉን መንገድ ይጥላል። አሁን ወደ ጎረቤቱ የሚወስደው መንገድ ጎረቤቱ ራሱ ሆነ፤ ማለትም መንገድ የለም። ግንኙነቱ ዝም ይላል። 180 ሴኮንድ ሲሞላ ቢጂፒ ጎረቤቱ እንደሞተ ቆጥሮ ግንኙነቱን ይዘጋል፤ የሰማውን ሁሉ ይረሳል። ያን ጊዜ የኦኤስፒኤፉ መንገድ ይመለሳል፣ ግንኙነቱ ይነሳል፣ አዋጁ እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይወድቃል። እንዲህ ዓይነቱን ብልሽት ጎበዝ ባለሙያ የሚይዘው ከመልእክቱ ይልቅ ከሰዓቱ ነው። የመዝገቡ ሰዓቶች በእኩል ልዩነት ሲደጋገሙ ያያል። የተበላሸ ኬብል እንዲህ ሰዓት አያከብርም፤ በእኩል ልዩነት የሚወድቅ ግንኙነት ራሱን በራሱ እየጣለ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጎበዝ ባለሙያ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ቢጂፒ ሲወድቅ ቢጂፒን አይነካም፤ ከታች ይጀምራል። ሊንኩ አለ? የኦኤስፒኤፍ ጉርብትና ሙሉ ነው ወይስ መሐል ላይ ቆሟል? መሐል ላይ ከቆመ ሁለቱ ወገኖች የሚቀበሉት የፓኬት መጠን የተለያየ እንዳይሆን ይጠረጥራል፤ ምክንያቱም ኦኤስፒኤፍ ገና ካርታ መለዋወጥ ሲጀምር መጠኑን ጽፎ ይልካል፤ ካልተጣጣመ አልቀጥልም ይላል። ይህ እምቢታ ብዙ ጀማሪዎችን ያበሳጫል፤ እኔ ግን አደንቀዋለሁ። ቢጂፒ የሚጓዘው በቲሲፒ ላይ፣ በ179 ቁጥር ፖርት ነው፤ የመጠን ልዩነትን አስቀድሞ አይጠይቅም። ትንንሾቹ የሰላምታ መልእክቶች ያልፋሉ፣ ግንኙነቱ የተሳካ ይመስላል፤ መንገዶቹን የያዙት ትልልቅ ፓኬቶች ግን መንገድ ላይ ይቀራሉ። ኦኤስፒኤፍ መጀመሪያ ላይ በግልጽ የሚናገረውን ችግር ቢጂፒ ዘግይቶ፣ በተዘዋዋሪ ያሳውቃል። ከታች የሚጀምር ሰው ግማሽ ሌሊት ይተርፈዋል።

ሌላው ረቂቅ ቦታ የመውጫ ምርጫ ነው። አንድ አድራሻ በሁለት መውጫ የሚደረስ ሆኖ በሌላው መስፈርት ሁሉ እኩል ከሆኑ፣ ቢጂፒ ዳኝነቱን ለኦኤስፒኤፍ ይለቃል፤ ከቆምኩበት የሚቀርበው መውጫ የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። እንደ ኢትዮጵያ የባሕር በር በሌለው አገር፣ መረጃ ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚደርሰው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ስለሆነ የመውጫ ጉዳይ ቀላል አይደለም። መሐል አገር ላይ አንድ ሰው የአንዲት ሊንክን ዋጋ፣ ማለትም ኦኤስፒኤፍ ርቀትን የሚለካበትን ቁጥር፣ ከ10 ወደ 20 ቢቀይር፣ ቢጂፒን ማንም ሳይነካው ብዙ ትራፊክ ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው ሊዞር ይችላል። ሬናታ ቴይሼራ፣ አማን ሻይክ፣ ቲም ግሪፊንና ጄኒፈር ሬክስፎርድ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ኔትወርክ ላይ ተከታትለው፣ የውስጥ ለውጥ ወደ ቢጂፒ ተሻግሮ እስኪታይ አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊፈጅ እንደሚችል አሳይተዋል። በዚያ ዘመን ቢጂፒ መውጫዎቹን የሚፈትሸው በየ60 ሴኮንዱ ነበር። በኋላ የመጣው ማሻሻያ ግሩም ነው፤ ቢጂፒ የሚፈልጋቸውን መውጫዎች አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ወደ አንዳቸው የሚያደርሰው መንገድ ሲለወጥ የራውተሩ ሰንጠረዥ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ለ5 ሴኮንድ ያህል ነገሩ እስኪረጋጋ ታግሦ ያሰላል። እነዚያ 5 ሴኮንዶች በስንፍና የተጨመሩ አይደሉም፤ ኦኤስፒኤፍ ካርታውን እስኪጨርስ ያልበሰለ ውሳኔ እንዳይወሰን ነው።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ሥራ ልምጣ። በአንድ ትልቅ ኔትወርክ መሐል ያለ ራውተር ጠፍቶ ተነሳ እንበል። ኦኤስፒኤፍ ፈጣን ነው፤ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ጎረቤቶቹን ያገኛል፣ ካርታው ላይ ይመለሳል። ጎረቤቶቹም አጭሩ መንገድ ተከፈተ ብለው ትራፊካቸውን ወደ እሱ ይለቁታል። ቢጂፒ ግን ገና ነው። ከእያንዳንዱ ጓደኛው ጋር ግንኙነት መመሥረት፣ ከዚያ ከ9 መቶ ሺህ በላይ የሆኑትን የዓለም መንገዶች መቀበል፣ መመዘን፣ መጻፍ አለበት፤ ይህ ደቂቃዎችን ይፈጃል። በመካከሉ የደረሰውን ፓኬት ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ይጥለዋል። ስለዚህ የተበላሸውን ራውተር መጠገን ራሱ ሁለተኛ ብልሽት ያመጣል፤ መውደቁ ካደረሰው ጉዳት ይልቅ መነሳቱ የሚያደርሰው ሊብስ ይችላል።

መፍትሔው በሰኔ 2001 በሰነድ ወጣ፤ በ2013 ተሻሽሎ ታተመ። ራውተሩ ሲነሳ ሊንኮቹን ሁሉ ካርታው ላይ ያስገባል፤ ግን የእያንዳንዱን ዋጋ 65535 ብሎ ይጽፋል። ይህ ቁጥር በ16 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። ጎረቤቶቹ ካርታውን ሲያሰሉ በእሱ በኩል የሚያልፈው መንገድ በጣም ውድ ስለሚሆን ሌላ ካላቸው በሌላው ይሄዳሉ። አዲስ ዓይነት መልእክት አልተፈጠረም፤ የድሮዎቹ ራውተሮች መለወጥ አላስፈለጋቸውም። ቀድሞ በነበረ አንድ ቁጥር ብቻ "አለሁ፣ ግን ገና አልተዘጋጀሁም" ማለት ተቻለ።

ዝርዝሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዋጋው የሚጨምረው ወደ ሌሎች ራውተሮች በሚወስዱት ሊንኮች ላይ ነው፤ የራውተሩ የራሱ አድራሻ፣ ሉፕባኩን ጨምሮ፣ በመደበኛ ዋጋው ይቀራል። ለምን? ምክንያቱም ቢጂፒ ሰንጠረዡን የሚያመጣው በዚያው አድራሻ ላይ በሚመሠረት ግንኙነት ነው። ራውተሩ ከካርታው ሙሉ በሙሉ ቢደበቅ የሚጠብቀው ነገር መምጫ ያጣል፤ ሙሉ በሙሉ ቢገለጥ ያልቻለውን ሸክም ይሸከማል። መፍትሔው ሊያነጋግረው የሚፈልግ ሁሉ እንዲደርስበት፣ በእሱ በኩል ሊያልፍ የሚፈልግ ግን ሌላ መንገድ እንዲፈልግ አደረገ። ሌላ መንገድ ከሌለም በሩ አልተዘጋም፤ 65535 ውድ ነው እንጂ ክልክል አይደለም። የኦኤስፒኤፍ ወንድም የሆነው አይኤስ-አይኤስ ለዚሁ ሥራ አንዲት ቢት ይጠቀማል። ቢቷ መጀመሪያ የተሠራችው የራውተር ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ ካርታውን መያዝ ሲያቅተው እንዲያሳውቅባት ነበር፤ መሐንዲሶች ለዚህ አዲስ ጉዳይ ተዋሷት። እሷ ግን ማለፍን ፈጽማ ትከለክላለች። የ65535ቱ ለስላሳ ነው፤ እኔ እሱን አስበልጣለሁ።

መጠበቁ የሚያበቃው እንዴት ነው? ሰንጠረዡን የሚልከው ጓደኛ ሲጨርስ ምንም መንገድ የሌለበት ባዶ መልእክት ይልካል፤ ትርጉሙ "ያለኝን ጨርሻለሁ" ነው። የቢጂፒው ሥራ መጠናቀቁ ሲታወቅ ራውተሩ ዋጋዎቹን ወደ መደበኛቸው ይመልሳል፣ ትራፊኩም ወደ እሱ ይመጣል። ቢጂፒ ጭራሽ ባይመጣስ? በሲስኮ ራውተሮች ላይ ነገሩ ካልተነካ 600 ሴኮንድ ሲሞላ መጠበቁ ይቆማል። ለዘላለም የሚጠብቅ ራውተር ሌላ ዓይነት ብልሽት ነውና ይህም ታስቦበታል። ይህ ሁሉ በኮንፊገሬሽን ውስጥ አንድ መስመር ነው። በትክክል ሲሠራ ደግሞ ምንም ነገር አይታይም፤ ማንም አይደውልም።

በራውተሩ ላይ ያለው ሐሳብ፣ ልትሸከም የማትችለውን አታውጅ የሚለው፣ በትልቅ መጠን ሲሠራ ምን እንደሚያመጣ በ2021 ኦክቶበር 4 ቀን ዓለም አይቶታል። የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉሙት የፌስቡክ ሰርቨሮች ከድርጅቱ የመረጃ ማዕከላት ጋር ያላቸው የውስጥ መስመር ከተቋረጠ የቢጂፒ አዋጃቸውን እንዲያነሱ ተደርገው ነበር የተሠሩት። አንድ ጣቢያ ሲታመም ሌላው እንዲተካው የሚያደርግ ጥሩ ሕግ ነው። በዚያ ቀን ግን በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የውስጡን መስመር ሁሉ በአንድ ጊዜ አወረደ፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ማቆም የነበረበት መቆጣጠሪያም በራሱ ጉድለት ሳያቆመው ቀረ። ጣቢያዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ታማሚ አድርገው ቆጠሩ፤ ሁሉም አዋጃቸውን አነሱ። ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለ6 ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ጠፉ። ብዙ ሰው ቢጂፒን ወቀሰ። የእኔ ፍርድ ሌላ ነው፤ ቢጂፒ የተነገረውን በታማኝነት ነው ያደረገው። የጎደለው የ65535ቱ ዓይነት ልስላሴ ነው፤ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ "ደካማ ብሆንም አለሁ" የሚል መጨረሻ።

በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ኦኤስፒኤፍ አንድ ምዕራፍ ነው፣ ቢጂፒ ሌላ ምዕራፍ፤ የሁለቱ መጋጠሚያ በጥቂት ገጽ ይታለፋል። በየኮሌጁ ኔትወርክ የምታስተምሩ መምህራን፣ ይህን ቅደም ተከተል እንድትሰብሩት እለምናለሁ። ተማሪው ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ኤፍአርራውቲንግ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፣ ሁለቱንም ፕሮቶኮሎች ይሠራል፣ በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ አራት ራውተር ማስነሳት ይቻላል። የመውጫውን አድራሻ ከኦኤስፒኤፍ ውስጥ አስወጡና ምልክቷ ስትጠፋ አሳዩት። ሉፕባኩን በቢጂፒ አሳውጁና ሰዓቱን ያስላ። መሐል ያለውን ራውተር አጥፍታችሁ አስነሱና የሚወድቁትን ፓኬቶች ይቁጠር፤ ከዚያ 65535ቱን ጨምራችሁ እንደገና ይቁጠር።